አሮጌ የጋዝ ቦይለር ሲቀየር ሦስት ፕሮፎርማ እንዴት ይወዳደራል? (እንግሊዝ አገር ቤት ላላችሁ)

አዲስ አበባ «ቦይለር» ስንል መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያ ማለታችን ነው። እንግሊዝ አገር ነገሩ ሌላ ነው፤ ጋዝ እያቃጠለ የቧንቧውንም ውኃ፣ በየክፍሉ ራዲያተር የሚዞረውንም ውኃ የሚያሞቅ ሣጥን ነው። ሲበላሽ የሚቀርባችሁ ሻወር ብቻ አይደለም፤ ጃንዋሪ ላይ ከሆነ ጋቢ ደርባችሁ ነው የምታድሩት።

ብዙ ሰው ቦይለር በችኮላ የሚገዛውም ለዚህ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በብርድ ቀን በስልክ የተስማማችሁበት ዋጋ ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ሰዓት ይፈታል፦ «የጋዝ ቧንቧው ቀጭን ነው፣ መቀየር አለበት፣ 300 ፓውንድ ጨምሩ።» አሮጌው ቦይለር ተነቅሎ ግቢ ውስጥ ተቀምጧል፤ ምን ትላላችሁ? እኔ ጨምሬ ከፍያለሁ። ስለዚህ ቦይለራችሁ 15 ዓመት ካለፈው፣ መለዋወጫው እየጠፋ ከሆነ ወይም በየክረምቱ ቴክኒሻን የምትጠሩለት ከሆነ፣ ገና እየሠራ ሳለ፣ ከሜይ እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ዋጋ ሰብስቡ። ቴክኒሻኖቹም ያን ጊዜ ፋታ አላቸው፤ ቤቱን በደንብ አይተው ይሄዳሉ።

አገር ቤት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሦስት ፕሮፎርማ መሰብሰብ አዲስ አይሆንበትም። እዚያ ግን ዕቃው ያው ነው፤ ያው ወረቀት፣ ያው ወንበር፤ ትንሹን ቁጥር ማክበብ ይበቃል። የቦይለር ፕሮፎርማ፣ እዚህ «ኮት» የሚሉት፣ እንዲያ አይነበብም። ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ዋጋ አውጥተው ነው የሚልኩላችሁ። አንዱ የራዲያተሩን ቧንቧ ማጠብ ጨምሯል፣ ሌላው ትቶታል፣ ሦስተኛው ጭራሽ ቤቱን አላየውም። የናንተ ሥራ መጀመሪያ ሦስቱን ወደ አንድ ሥራ ማምጣት ነው፤ ዋጋው ከዚያ በኋላ ነው የሚታየው።

ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት

ተከራይ ከሆናችሁ ይህ ጽሑፍ ለአከራያችሁ ነው። በእንግሊዝ የቤት ማሞቂያና ሙቅ ውኃ መጠገን የአከራዩ ግዴታ እንደሆነ የ1985ቱ (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) የአከራይና ተከራይ ሕግ ይደነግጋል፤ ካውንስልም አከራይ ነው። ፍላት ገዝታችሁ መሬቱ የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ የጭስ ማውጫውን ቦታ ለመለወጥ የባለ ሕንፃው ፈቃድ ሊያስፈልጋችሁ ስለሚችል የሊዝ ውላችሁን አንብቡ።

ከዚያ ሦስት ነገሮችን ራሳችሁ ለኩ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

አንደኛ፣ የውኃውን መጠን። ባለ 10 ሊትር ባልዲ ወጥ ቤት ቧንቧ ሥር አድርጉና ቀዝቃዛውን እስከ መጨረሻ ክፈቱ። በ60 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር ታገኛላችሁ ማለት ነው፤ በ40 ሰከንድ ከሞላ 15 ሊትር። ይህችን ቁጥር ጻፏት፣ በኋላ ብዙ ገንዘብ ታድናለች።

ሁለተኛ፣ ማሞቂያው በርቶ ሳለ ራዲያተሮቹን በእጃችሁ ዳስሱ። ላይኛው ቀዝቅዞ ታችኛው ከሞቀ አየር ነው፤ ማስተንፈስ ይበቃዋል። ላይኛው ሞቆ ታችኛው መሐል ከቀዘቀዘ ግን ጥቁር የዝገት ጭቃ ተቀምጧል፤ የማጠብ ሥራ ይጠብቃችኋል።

ሦስተኛ፣ ያላችሁ ቦይለር የትኛው ዓይነት እንደሆነ እዩ። የውኃ ሲሊንደር የሌለው፣ ቧንቧ ሲከፈት ወዲያው የሚያሞቀው ኮምቢ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ሲሊንደር ካለና ሎፍት ላይ ታንከሮች ካሉ አሮጌው ዓይነት ነው፤ ሲሊንደር ኖሮ ታንከር ከሌለ «ሲስተም» ይሉታል። ቦይለሩን፣ ከሥሩ ያሉትን ቧንቧዎች፣ የጋዝ ቆጣሪውንና ከውጭ የጭስ ማውጫውን ፎቶ አንሱ።

ማንን ትጠራላችሁ

ጋዝ የሚነካ ሁሉ ጋዝ ሴፍ በተባለው መዝገብ ላይ መኖር አለበት። ከኤፕሪል 2009 ጀምሮ የቀድሞውን ኮርጊ የተካው እሱ ነው፤ ቫን ላይ የኮርጊ ምልክት ብቻ ለጥፎ የሚመጣ ሰው ካጋጠማችሁ በትሕትና ሸኙት። እያንዳንዱ ባለሙያ ፎቶ ያለበት ካርድ ይይዛል። ፊቱን ብቻ አይታችሁ አትመልሱት፤ ገልብጡት። ምን ዓይነት ሥራ እንደተፈቀደለት የተጻፈው ጀርባው ላይ ነው፤ የምድጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ የቦይለር ፈቃድ የለውም። የሚያበቃበትንም ቀን እዩ፣ ቁጥሩን በመዝገቡ ድረ ገጽ አረጋግጡ።

እዚህ ላይ ስለ ይሉኝታ ካላወራን መመሪያው ባዶ ነው። ማኅበር ላይ ወይም በዋትስአፕ «የኛ ልጅ አለ፣ በግማሽ ዋጋ ይሠራል» የሚባል አይጠፋም። ልጁ ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ ላይ ከሌለ ግን የጋዙን ሥራ መሥራቱ ወንጀል ነው፣ የማምረቻው ዋስትናም አይሰጥም፣ ከሁሉም በላይ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሌሊት አይቀሰቅስም። ቡና አቅርባችሁ፣ «ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፣ ለሁሉም የምጠይቀው ነው፤ የጋዝ ሴፍ ካርድህን ላየው?» በሉት። ያለው ሰው ከኪሱ ያወጣል። የሌለው ይቀየማል፤ ይቀየም።

ከሦስቱ አንዱ በሠፈራችሁ ለብቻው የሚሠራ፣ አንዱ ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ድርጅት፣ አንዱ ትልቅ ኩባንያ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የዋጋው ስፋት ይታያችኋል። በኢንተርኔት ጥያቄ መልሳችሁ ወዲያው ዋጋ የሚሰጧችሁ አሉ። ለመነሻ ይጠቅማሉ፣ ግን ቤቱን ያላየ ሰው የሰጠው ዋጋ ግምት ነው፤ ፕሮፎርማ ብላችሁ አትቁጠሩት።

ሰውየው ሲመጣም ምን እንደሚያይ ተመልከቱ። ራዲያተሮቹን ቆጠረ? የውኃውን ፍሰት ለካ? ከጋዝ ቆጣሪው እስከ ቦይለሩ ያለውን ቧንቧ ተከተለ? ስንት ሰው እንደምትኖሩ፣ ስንት ሻወር እንዳለ ጠየቀ? አምስት ደቂቃ በር ላይ ቆሞ «35 ኪሎዋት ይበቃችኋል» ያለ ሰው የሚገምተው የናንተን ቤት አይደለም።

ለሦስቱም አንድ ወረቀት ስጡ

ቴክኒሻኑ ያስታወሰውን ብቻ እንዲጽፍ አትተዉት። ከዚህ በታች ያለውን በእንግሊዝኛ ጻፉና ለሦስቱም ያንኑ ላኩ፦

«ዋጋው ቫትን ጨምሮ ይሁን። የቦይለሩን ማምረቻ፣ ሙሉ የሞዴል ስምና ኪሎዋት ይጥቀስ። የሚከተሉት ተካተዋል ወይስ አልተካተቱም? ጭስ ማውጫ፤ የጋዝ ቧንቧ መቀየር ካስፈለገ፤ ራዲያተሮቹን ማጠብ እና በምን ዘዴ፤ ማግኔት ያለው ማጣሪያ፤ ዝገት የሚከላከል ኬሚካል፤ ቴርሞስታት፤ የኤሌክትሪክ ሥራ፤ የፍሳሽ ቱቦ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ፤ አሮጌውን ቦይለር ማስወገድ፤ የተበሳውን ግድግዳ መድፈን። የማምረቻው ዋስትና ስንት ዓመት? የሥራው ዋስትናስ? ስንት ቀን ይፈጃል፣ ክፍያው መቼ መቼ ነው?»

ይህን ወረቀት ስትልኩ አንዳንዱ ዝም ይላል። ዝም ያለው ቀድሞውንም ያልፈለጋችሁት ሰው ነው።

ኪሎዋት ላይ አትታለሉ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይ። በማስታወቂያ ላይ ኮምቢ ቦይለር «24»፣ «30»፣ «35» እየተባለ ይሸጣል። ያ ቁጥር ባብዛኛው የሙቅ ውኃውን አቅም ነው የሚነግራችሁ እንጂ ቤቱን ለማሞቅ የሚያስፈልገውን አይደለም። ውኃውን በ35 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 24 ኪሎዋት በደቂቃ 10 ሊትር ገደማ፣ 30 ኪሎዋት 12 ሊትር ገደማ፣ 35 ኪሎዋት 14 ሊትር ገደማ ይሰጣል።

አሁን ያቺን ባልዲ አስታውሱ። ከመንገድ የሚገባላችሁ ውኃ በደቂቃ 10 ሊትር ከሆነ፣ የ35 ኪሎዋት ቦይለር አራት ሊትር ከየት ያመጣል? ለማታገኙት ውኃ ነው የምትከፍሉት። ሁለት ሻወር ያለው፣ ጧት ሁሉም አንድ ሰዓት ላይ የሚታጠብበት ቤት ከሆነ ደግሞ መፍትሔው ኮምቢውን ማሳደግ ሳይሆን ሲሊንደሩን ባለበት ማቆየት ሊሆን ይችላል። «ሲሊንደሩን አውጥተን ኮምቢ እናድርግላችሁ፣ ቁም ሣጥን ታተርፋላችሁ» የሚል ሐሳብ ሲቀርብላችሁ ይህን ጠይቁ። ደግሞም ታንከር ያለው አሮጌ መስመር ወደ ኮምቢ ሲለወጥ ውኃው በግፊት ነው የሚዞረው፤ ለአርባ ዓመት ያላፈሰ መገጣጠሚያ ወለል ሥር ሊያፈስ ይችላል። ያ ቢመጣ ማን ይከፍላል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

ለቤት ማሞቂያ የሚያስፈልገው ኃይል ከዚህ ሁሉ በጣም ያንሳል። በሁለት ወገን ጎረቤት ያለው መደዳ ቤት ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 10 ኪሎዋት ይበቃዋል። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ብቻ ሳይሆን «ዝቅ ሲል እስከ ስንት ይወርዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። እስከ 3 ኪሎዋት የሚወርድ ቦይለር በለስላሳ ቀን ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ከ7 በታች የማይወርደው እየጠፋ እየበራ ጋዝም ዕድሜም ይበላል። ሁለት ፕሮፎርማ ዋጋቸው ቢቀራረብ እኔ በዚህ ቁጥር ነው የምለያቸው።

መስመር በመስመር

ጋዝ ቧንቧ። አሮጌ ቤት ውስጥ 15 ሚሊሜትር ቧንቧ ነው የሚገኘው፤ ለአዲስ ኮምቢ ብዙ ጊዜ ከፊሉ ወይም ሁሉም ወደ 22 መቀየር አለበት። ከቆጣሪው እስከ ቦይለሩ የግፊቱ መቀነስ ከ1 ሚሊባር መብለጥ የለበትም፤ ባለሙያው ሊያሰላው ይችላል። «በዕለቱ እናየዋለን» የሚል ፕሮፎርማ ላይ ቢያንስ ጣሪያ አስጽፉ፦ ካስፈለገ ከዚህ ያህል ፓውንድ አይበልጥም።

ማጠብ። ቢኤስ 7593 የተባለው የእንግሊዝ ደረጃ በ2019 ሲታደስ ማጽዳት፣ መከላከያ ኬሚካልና ማጣሪያ አንድ ላይ አስቀምጧል። «ፓወር ፍላሽ» በማሽን እየገፋ የሚያጥብ፣ ለብዙ ሰዓት የሚዘልቅ ሥራ ነው፤ በኬሚካል ማጠብ ቀለል ያለና የረከሰ። ራዲያተሮቻችሁ ከታች ካልቀዘቀዙ ፓወር ፍላሽ ለምን እንዳስፈለገ ጠይቁ። ከቀዘቀዙ ደግሞ «ኬሚካል ይበቃል» ያለውን ጠይቁ። ጭቃ ያለበት መስመር ላይ አዲስ ቦይለር መግጠም ባልታጠበ ጀበና ቡና እንደማፍላት ነው፤ ከዚያም የከፋ፣ ማምረቻው ጭቃ ካገኘ ዋስትናውን ሊከለክል ይችላል።

መቆጣጠሪያ። እንግሊዝ ውስጥ ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ አዲስ የተገጠመ ቦይለር ሰዓት ማስተካከያና የክፍል ቴርሞስታት ሊኖረው ግድ ነው፤ ኮምቢ ከሆነ ደግሞ ከተፈቀዱት አራት ተጨማሪ ነገሮች አንዱ፤ ለምሳሌ የውጭውን አየር እያየ ሙቀቱን የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ወይም ራሱን የሚያስተካክል ስማርት ቴርሞስታት። ስለዚህ ቴርሞስታት «በስጦታ ጨመርንላችሁ» ሲባል ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

የፍሳሽ ቱቦ። ቦይለሩ ሲሠራ የሚያንጠባጥበው ውኃ በቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ ይወጣል። ቱቦው በውጭ በኩል ካለፈ በብርድ ይቀዘቅዝና ቦይለሩ በዓመቱ ቀዝቃዛ ሌሊት ይቆማል። ቤት ውስጥ ማለፍ ካልቻለ ወፍራም፣ 32 ሚሊሜትር፣ በአረፋ የተጠቀለለ ይሁን።

ውኃው። ለንደንና ደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ከሆናችሁ ኬትል ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ቦይለሩም ውስጥ ይጋገራል። ቅርፊት የሚቀንስ መሣሪያ ተካትቷል ወይ በሉ።

ዋስትና። «10 ዓመት» የሚለው ቁጥር የማን ነው? የማምረቻው ዋስትና ለቦይለሩ ነው፤ ቧንቧው ቢያፈስ የሚጠራው የገጠመው ሰው ነው፣ የሱ ዋስትና ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል። ያው ሞዴል በአንዱ ቴክኒሻን 5፣ በሌላው 10 ዓመት የሚሰጠው፣ ሁለተኛው በማምረቻው ዘንድ ስለታወቀ ሊሆን ይችላል፤ ቀላል ልዩነት አይደለም። ሁሉም ዋስትና በየዓመቱ ሰርቪስ ካልተደረገ ይፈርሳል፤ የሰርቪሱን ዋጋ አብራችሁ ጠይቁ።

ሦስቱን አንድ ማድረግ

ቁጥሮቹን ለስሌት ብቻ ያዙልኝ። የመጀመሪያው 2,350፣ ሁለተኛው 2,980፣ ሦስተኛው 3,450 ፓውንድ ብለዋል እንበል። ልብ ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል።

እርሳስ አንሡ። የመጀመሪያው ከታች በትንሹ «ፕላስ ቫት» ብሏል፤ 20 በመቶ ሲጨመር 2,820። ማጣሪያና ማጠብ የለውም፤ ዋጋውን ጠይቃችሁ 200 አላችሁ እንበል፣ 3,020። የጋዝ ቧንቧ «በዕለቱ ይታያል»፤ ጣሪያው 300፣ 3,320። ዋስትናው 5 ዓመት። ሁለተኛው በ2,980 ሁሉንም አካትቷል፣ ቧንቧውንም፣ ዋስትናው 10 ዓመት። ሦስተኛው ፓወር ፍላሽና የማትፈልጉት ስማርት ቴርሞስታት አለበት፤ በኬሚካል ማጠብና ደንቡን በሚያሟላ ቀላል መቆጣጠሪያ እንዲተካ ስትጠይቁት 3,000 ይመጣል፣ ዋስትናው 12 ዓመት። የረከሰው ውድ ሆኖ፣ ውዱ ሁለተኛውን ተጠጋ። አሁን ነው ምርጫው፦ በሃያ ፓውንድ ልዩነት ማን ቤቱን በደንብ አየ፣ ማን ስልክ ያነሳል?

ቫት ያልጨመረ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም። በ12 ወር ገቢው ከ90,000 ፓውንድ ያልበለጠ ሠራተኛ ለቫት እንዲመዘገብ አይገደድም። የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ የምትከፍሉት ጠቅላላ ዋጋ ቁርጥ ያለ መሆኑ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ግቢና ለሲሊንደር የሚሆን ቦታ ካላችሁ አራተኛ ፕሮፎርማ የሂት ፓምፕ (ከውጭ ሙቀት ስቦ ቤቱን የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ይሁን። በእንግሊዝና በዌልስ መንግሥት ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ለአንዱ 7,500 ፓውንድ ይደጉማል፣ ቫቱም እስከ ማርች 2027 መጨረሻ ዜሮ ነው። ለሁሉም ቤት አይሆንም፤ ሳይጠይቁ ማለፍ ግን ያስቆጫል።

ክርክርና ክፍያ

አገር ቤት እንደምናደርገው ከግማሽ ጀምሮ መከራከር እዚህ አያስኬድም፤ ሰውየው ይሄዳል። የሚሠራው ይህ ነው፦ «ያንተን አሠራር ወደነዋል። ሌላው ግን ማጣሪያውን በዚሁ ዋጋ አካትቷል፤ አንተስ?» ዋጋ ካልቀነሰ ሥራ ይጨምራል። «ዛሬ ከፈረማችሁ ብቻ» የሚል ቅናሽ ካመጣ ነገም ይኖራል፤ ሻይ ጠጥቶ ይሂድ።

ቤታችሁ ውስጥ ለፈረማችሁት ውል በ2013ቱ የሸማቾች ውል ደንብ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን የመሰረዝ መብት አላችሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራው እንዲጀመር በጽሑፍ ከጠየቃችሁ ግን ለተሠራው ትከፍላላችሁ። ሙሉውን ገንዘብ አስቀድማችሁ አትስጡ። ቀብዱን በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፤ የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ 75ኛ ክፍል ከ100 በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ላለው ግዢ፣ ቀብዱን ብቻ በካርድ ብትከፍሉም፣ ባንኩን አብሮ ተጠያቂ ያደርገዋል። በየወሩ ክፈሉ የሚል ካለ የወር ክፍያውን በወራቱ አባዙና ከጥሬው ዋጋ ጋር አስተያዩት።

ላልመረጣችኋቸውም አጭር መልእክት ላኩ፦ «አመሰግናለሁ፣ በሌላ ወስነናል።» ዝም ማለት የኛ ሰው ልማድ ነው፣ ግን የለፋ ሰው ነው።

ሠርተው ሲጨርሱ

የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት ሁሉንም ሙቅ ቧንቧ ክፈቱ፣ ሁሉም ራዲያተር እስኪሞቅ ጠብቁ፣ ከሥር ፎጣ አንጥፋችሁ የሚንጠባጠብ ካለ እዩ። ከቦይለሩ ጋር የመጣው መጽሐፍ ውስጥ ያለው «ቤንችማርክ» የተባለ ቅጽ ተሞልቶ መፈረሙን አረጋግጡ። የጭስ መለኪያው ቁጥር የሚጻፈው እዚያ ነው፤ ባዶ ከተተወ አልተለካም ማለት ነው። ዋስትናውንም ማን በማምረቻው ዘንድ እንደሚያስመዘግብ ተነጋገሩ፤ ብዙዎቹ 30 ቀን ነው የሚሰጡት።

በ30 ቀን ውስጥ ባለሙያው ሥራውን በጋዝ ሴፍ በኩል ማሳወቅ አለበት፤ ከዚያ የሕንፃ ደንብ ማረጋገጫ ወረቀት ይደርሳችኋል። ካልመጣ ደውሉ። ቤቱን የምትሸጡ ቀን ጠበቃው ይጠይቃችኋል።

ሰውየው ቫኑን ሳያስነሳ አንድ ነገር አስደርጉት። አብዛኛው ቦይለር ለራዲያተር የሚልከው ውኃ 75 ወይም 80 ዲግሪ ላይ ተትቶ ነው የሚሄደው። ቦይለሩ ከጭሱ ሙቀት የሚያተርፈው ተመላሹ ውኃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ስለሆነ፣ ኮምቢ ከሆነ ወደ 60 ዝቅ አድርጎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ሲሊንደር ካላችሁ ለጤና ሲባል ውስጡ ያለው ውኃ ከ60 በታች መቀመጥ ስለሌለበት የሱን ቅንብር ለብቻ ይንገራችሁ። የግፊት መለኪያውንም በፎቶ ያዙ፤ ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 1.5 ባር ላይ ይቆማል። በሳምንት ውስጥ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለና፣ የሥራ ዋስትናው ሳያልቅ ያንን ፎቶ አያይዛችሁ ጻፉለት።